ምንም የማይሆኑት እትዬ ሙሀባ

በየከተማው ምንም የማይሆን አንድ ሰው አለ። ከባጃጅ ይወድቃል፤ ምንም አልሆነም። ጥርሱ ታሞ ጉንጩ ያብጣል፤ ምንም አልሆነም። ተሸክመው ሐኪም ቤት ሲወስዱት እንኳ «ኧረ እናንተ እንዳይደክማችሁ» ይላል። የሸዋ ሮቢቱ ምንም የማይሆን ሰው ሴት ናቸው። ክብርት እትዬ ሙሀባ ይባላሉ፤ አስፋልቱ ዳር ፓፓያና ማንጎ ይሸጣሉ።

አምና ወባ ያዛቸው። ዶሮው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ባጃጅ ስር በሚገባበት ቀትር፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ፓፓያ ሲመዝኑ አገኘኋቸው።

«እትዬ ሙሀባ፣ ይሄ ወባ ነው!»

«ወግድ ሀብታሙ! ትንሽ ብርድ ብጤ መታኝ።»

ሸዋ ሮቢት፣ በግንቦት ወር፣ ብርድ መታቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የማንጎ ሳጥን እግራቸው ላይ ወድቆ ጥፍራቸው ተነቀለ። ጎንበስ ብለው ያዩት ማንጎው አለመፍረጡን ነበር።

እንግዲህ እኔ ስለ ሰውነታቸው ስሜት እንድጠይቅ የተላክሁት እኚህን ሰው ነው። ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የሥነ ልቦና መጠይቅ ነው፤ ልቡ ሲመታ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ ይለካል ተብሏል። የኔ ሥራ ትርጉሙን መሞከር ነው። አነባለሁ፤ ተጠያቂው ከ«በጭራሽ» እስከ «እጅግ በጣም» አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ ምን እንደገባው በራሱ አነጋገር ይነግረኛል። ለዚህ ሥራ ያዘጋጁን አሰልጣኛችን «ቀላል ነው» ብለውናል። እትዬ ሙሀባን ስለማያውቋቸው አልፈርድባቸውም።

«ልቤ በፍጥነት ሲመታ እፈራለሁ» ብዬ አነበብኩ።

«አልመታም ሲል ነው እንጂ የሚፈራው!»

«እሺ፣ በጭራሽ ልበል?»

«አልሐምዱሊላህ በል።»

«እሱ ምርጫው ውስጥ የለም።»

«ምስጋና የሌለበት የጤና ጥያቄ ምን ዓይነት ነው? ወላሂ፣ መልሰህ ላክላቸው!»

እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ስለ ጤና የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ ያመሰግናል። ሕመም ካለ ዘግይቶ፣ ደጋግመው ሲጠይቁት፣ «ብቻ...» ብሎ ይጀምራል። መጠይቁ ግን አንዴ ጠይቆ ያልፋል። ይህንኑ ለአሰልጣኛችን ጽፌያለሁ፤ ቢቆጡ ይቆጡ።

«ሲያልበኝ የታመምኩ ይመስለኛል።»

«እዚህ? እዚህማ ያላላበው ነው የታመመው። ይሄን የጻፈው ሰው ደብረ ሲና ነው እንዴ የሚኖረው?»

የደብረ ሲና ስም ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። ልጃቸው ኸድር እዚያ ደጋው ላይ ሱቅ አለው። ከወባው ወዲህ ሥራው «እማ፣ ሙቀቱ ሳይገድልሽ ከኔ ጋር ኑሪ» እያለ መወትወት ሆኗል። እሳቸውም «እዚያ ያለው ጉም ነው፤ እኔ ጉም አልሸጥም» ይሉታል።

ጥያቄውን ቀጠልን። ትንፋሽ ማጠር፣ በጭራሽ። ራስ ማዞር፣ «ምድሪቱስ ትዞር የለ?» በጭራሽ። ቀጥሎ፣ «ስንቀጠቀጥ ሰዎች ቢያዩኝ እጨነቃለሁ» የሚለውን አነበብኩ።

አንድ ገዢ የማንጎ ዋጋ ጠየቃቸው፤ አልሰሙትም። እትዬ ሙሀባ ገዢ ሳይሰሙ! ደነገጥኩ።

«ያ የመጨረሻው ምን ነበር የሚለው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እጅግ በጣም።»

«እሱን አድርገው።»

«ምን ማለት እንደሆነ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።»

«ሀብታሙ፣ ልቤ ድው ድው ይላል። ሳጥን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሕመሙን አልፈራውም፤ ከአላህ የመጣ ነው። ኸድር ካየኝ ግን ሸክፎ ይወስደኛል። እዚህ ሙሀባ ነኝ። እዚያ የኸድር እናት ነኝ፣ በቃ።»

መጠይቁን አጠፍኩት። «እትዬ ሙሀባ፣ ሕመሙን ደብቀው ከወደቁ ኸድር ተሸክሞ ይወስድዎታል። ታክመው በእግርዎ ከቆሙ ግን ማን ይነካዎታል?»

አፈጠጡብኝ። ከዚያ ፓፓያውን በማዳበሪያ ሸፍነው ተነሡ። «እግሬን ላፍታታ ነው የምሄደው፣ ታምሜ እንዳይመስልህ» ብለው ቀድመውኝ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። የደም ግፊት ነው ተባለ። መድኃኒት ተሰጣቸው።

ኸድር በገበያ ቀን እናቱን ሊወስድ ሚኒባስ ይዞ መጣ። ስለ መጠይቁ ሰምቶ ኖሮ እናቱን ሳይሆን መጀመሪያ እኔን ያዘኝ። «ምን ብላ መለሰችልህ? ታማለች አይደል?» አለኝ። የተጠያቂ መልስ አይወጣም አልኩት። ተቆጣ፤ እኔም ተቆጣሁ።

ጭቅጭቃችንን ሰምተው እትዬ ሙሀባ ከፓፓያው መሀል ብድግ አሉ። ቀኝ እጃቸውን ልጃቸው ዓይን ስር ዘረጉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አልደበቁትም።

«እይ! ይንቀጠቀጣል። ልቤም ይመታል። ግፊት አለብኝ፤ መድኃኒቴ ይኸውና» ብለው ክኒኑን እፊቱ ዋጡ። «አየህ አይደል? አሁን የምደብቀው የለኝም፣ የትም አልሄድም። በል ሚዛኑን ያዝልኝ፤ ሰው ቆሟል።»

ኸድር ሚዛኑን ያዘ።

የመጠይቁ ሙከራ ካለቀ ሰንብቷል። ወደዚያ የሚያስኬደኝ ሥራ የለኝም፤ ግን በየቀኑ እሄዳለሁ፤ እትዬ ሙሀባን ሳላይ መዋል አቅቶኛል። ባዶ እጄን እንዳልመለስ እገዛለሁ። ቤቴ ፓፓያ ሞልቷል፤ እኔ ደግሞ ፓፓያ አልወድም።