መርዶውን ያስቆመው ጋሽ ደምሴ

በጥንት ግሪኮች ዘንድ «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለትን ሙያ ያደረጉ ፈላስፎች ነበሩ ይባላል። ታዲያ ምን ይደንቃል? እኛም እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ ሕንፃችን ውስጥ፣ ጋሽ ደምሴ አለን። አውቶቡስ ድራይቭ ያደርጋል። ስኖው ትከሻው ላይ እየወረደ «ስኖው ጀመረ እንዴ?» ብትሉት «ይመስላል» ይላችኋል።

ባለፈው ዊንተር የጎረቤታችን የአልማዝ ወንድም አዲስ አበባ አረፈ ተባለ። መርዶ ልንነግራት ሃያ ሰው ሆነን በማለዳ ደጇ ላይ ቆምን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ላንኳኳ ስል ጋሽ ደምሴ እጄን ያዘኝ።

«ማን አየ?»

«የሕንፃችን ሰዎች የስልክ ግሩፕ ላይ ተለጥፏል» አልኩት።

«ቁጥሩ አለኝ፤ እስቲ ለራሱ ልደውልለት።»

ለሟች ይደወላል? ሁላችንም ተቆጣን። እሱ ግን ደወለ። ሟቹ ራሱ አነሳና «አቤት» አለ። ለካ ያረፈው ስሙ ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሰው ነው።

አልማዝ ሳትነቃ፣ ሃያችንም ኮቴያችንን አጥፍተን ወደ ሊፍቱ ተመለስን። ሌላው በዶክተሩና በኢንጂነሩ ይኩራ፤ እኛ ተጠራጣሪ አለን። ኩራቴን መቻል አቅቶኝ ግንባሩን ሳምኩትና «ጋሼ፣ ሰውየው በሕይወት አለ እኮ» አልኩት።

የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነ።

«ይመስላል» አለ።