የእትዬ ተናኘወርቅ የእርግጫ መዝገብ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ መካከል የምትኖር ሐበሻ ነፍሰ ጡር ከብዙ ነገር ልታመልጥ ትችላለች። ከትራፊክ፣ ከሐኪም ቀጠሮ፣ ሲብስም ከአማቷ ስልክ። ከእትዬ ተናኘወርቅ ያመለጠች ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በእናንተ ሰፈር ስማቸው ሌላ ይሆናል እንጂ ሴትዮዋ እሳቸው ናቸው፤ የአንዷ ሆድ ገፋ ማለት ሲጀምር ከሰላምታ በፊት ጥያቄ ይዘው የሚደርሱት። ተራዎቹ አዋቂዎች ወንድ ነው፣ ሴት ናት ብለው ይገምታሉ። የኛዋ ክብርት ተመራማሪ በእንዲህ ያለ ቀላል ነገር ጊዜ አያጠፉም። የእሳቸው ጥናት ሕፃኑ ሆድ ውስጥ በስንት ሰዓት እንደሚራገጥ መዝግቦ፣ ከተወለደ በኋላ መቼ እንደሚተኛና መቼ እንደሚነቃ መወሰን ነው። መገመት አላልኩም፤ መወሰን።

የትምህርት ማስረጃቸው የሃያ ሁለት ዓመት የፓርኪንግ ሥራ ነው። ዲሲ መሀል፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መኪና የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጡት እሳቸው ናቸው፤ እስክሪብቷቸው አልወጣም። አንድ ቀን ጥርጣሬዬን ከፊቴ ላይ ቢያነቡት እንዲህ አሉኝ፦

«ስማኝ ብሥራት። ሁለት ሰዓት ላይ የሚገባ መኪና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የገባው። ፍጡር ሁሉ ልማድ አለው። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ አይዋሽም!»

ይህችን የመጨረሻዋን አባባል በቀን አሥር ጊዜ ይሏታል። የተወለደ ልጅ ይዋሻል፣ ያደገ ልጅ ይዋሻል፣ ባል የሚባለው ፍጡርማ አይነሣ። በእሳቸው ዘንድ ቃሉ የሚታመን ሰው ያልተወለደ ብቻ ነው።

መዝገባቸው ጠንካራ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር ነው። ልጁ መራገጥ ሲጀምር «ገባ»፣ ጸጥ ሲል «ወጣ» ብለው ይጽፋሉ። ቀጥሎ «ትንበያ» የሚል ዓምድ አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓምድ ይቀራል፤ እሱን ግን ሰው ጠጋ ሲል በመዳፋቸው ይሸፍኑታል። ስህተታቸውን የሚጽፉበት ይሆናል ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ለዚያማ አንድ ዓምድ አይበቃቸውም።

ባለቤቴን ሩሃማን የያዟት ስድስተኛ ወሯ ላይ፣ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ከአዳራሹ በር ስንደርስ ነው።

«ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ተራገጠ?»

«እንዴት አደሩ እትዬ?» አለች ሩሃማ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስንት ሰዓት ላይ?»

«ኧረ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ልብ አላልኩትም።»

«ልብ አላልኩትም?» ዙሪያውን ያለውን ምእመን ለምስክርነት ቃኙ። «ሰው ቤቱ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ልብ አይልም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። «ጋደም በይ፣ በግራ ጎንሽ። ቆመሽ የቆጠርሽውን አልቀበልም፣ ዳታ ያበላሻል።» ሩሃማ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውልና ማታ ደግሞ ወጥ ለመሥራት ትቆማለች። «ወጡስ እትዬ?» ብትላቸው «ባልሽ እጅ የለውም እንዴ?» አሉ። ስለዚህ እኔ ዐይኔ እያለቀሰ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ሩሃማ ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ እሳቸው በስፒከር ልጄን ይቆጥራሉ፤ የቀኑንና የሌሊቱን እርግጫም ጠይቀው ይጽፋሉ። ሙሉ አንድ ሰዓት። ስልኩ ቢቋረጥ መልሰው ይደውላሉ፤ ብንዘጋው በሌላኛችን ስልክ ይመጣሉ።

ዝናቸው እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የሮክቪሏ ሳሌም መንታ ባረገዘች ጊዜ እትዬ ተናኘወርቅ «የግራው» እና «የቀኙ» ብለው ሁለት ገጽ ከፈቱ። የግራው ሌሊት ይተኛል፣ የቀኙ ሌሊት ይነቃል ተብሎ ተወሰነ። ልጆቹ ሲወለዱ የትኛው የግራው እንደነበር የሚያውቅ ጠፋ፤ ሁለቱም ሌሊት ሌሊት እየተቀባበሉ ያለቅሱ ጀመር። ክብርትነታቸው አንደኛው እንደ ትንበያው መሆኑን፣ ሁለተኛው ግን ከወንድሙ መጥፎ ጠባይ መቅሰሙን ገለጹ።

ሩሃማ ነገሩን ለሐኪሟ አነሣችላት። ሐኪሟ ሳቀች። ሕፃናት ሆድ ውስጥም የሚንቀሳቀሱበትና የሚያርፉበት ጊዜ እንዳላቸው፣ ያ ግን ሲወለዱ በስንት ሰዓት እንደሚተኙ ይናገራል ብላ ለመማል እንደማትደፍር፣ አራስ ልጅ መጀመሪያ ላይ ቀንና ሌሊትን እንደማይለይ ነገረቻት። እንቅስቃሴውን መከታተሉ ግን ለራሱ ጥሩ ነው፣ ከቀነሰ ቶሎ ደውሉልን አለች። ከዚህ ሁሉ እትዬ ተናኘወርቅ የሰሙት «መከታተሉ ጥሩ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። «አያችሁ? ሐኪሟም ተስማማች!» ከእሳቸው ጋር መከራከር ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስቄ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። እኛ ዘንድ ፒክ የሚባል ነገር አለ፤ በአገልግሎት ዘመን እየተጠራን ሺፍታችንን እንመርጣለን፣ አንዴ ከመረጡ ለወራት መቀየር የለም። ተራዬ ሲደርስ የቀሩት ሁለት ነበሩ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቤት የሚያስወጣው የንጋት ሺፍትና እኩለ ሌሊት ላይ የሚያስገባው የማታው። የሩሃማ እናት ከደብረ ብርሃን መጥተው ያርሷታል ብለን ነበር፤ ቪዛ ተከለከሉ። እንግዲህ ያለነው ሁለታችን ነን። ልጁ ሌሊት የሚተኛ ከሆነ ንጋቱ ይሻለናል፤ ሌሊት የሚነቃ ከሆነ ግን የማታውን ይዤ፣ ከሥራ ስገባ ልጁን መቀበል ነበረብኝ። ከተሳሳትኩ ሩሃማ ብቻዋን ታልቃለች፤ እኔም ሳልተኛ አድሬ ሃምሳ ሰው ጭኜ እነዳለሁ።

«ንጋቱን ያዝ» አሉኝ እትዬ ተናኘወርቅ፣ ደብተሩን ገልጠው። «ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ይገባል። ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ ወጥቶ ሄዷል። አንድ ቀን አላዛነፈም። ይሄ የሌሊት እንቅልፋም ነው፣ ጻፈው!»

የሥራ ባልደረባዬ ጸጋዬ የአራት ልጆች አባት ነው። «አንተ ሰውዬ፣ በእርግጫ ሺፍት ይመረጣል?» ብሎኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩትና ንጋቱን ያዝኩ።

ልጃችን ያኔት በጥቅምት ተወለደች። ሁለት ሌሊት እንደ ትንበያው ተኛች፤ እኔም ለጸጋዬ በኩራት ደወልኩለት። ከሦስተኛው ሌሊት ጀምሮ ግን ወይዘሪቷ ዐይኗን አፍጥጣ ጣሪያ ስትመረምር ታድራለች። የምትተኛው ቀን ነው፤ ያውም ሰው ክንድ ላይ ብቻ። አልጋዋ ላይ ያስቀመጧት እንደሆነ እሳት የነካት ይመስል ትጮኻለች። ሩሃማ ሌሊቱን በእግሯ ታድራለች፣ ቀኑን ታቅፋ ትውላለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሩሃማ የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታ ወተቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስቀን ስናበቃ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እኔ ደግሞ አንድ ማለዳ የትራፊክ መብራት በሌለበት ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ አረንጓዴ እስኪበራ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት። ተሳፋሪዎቹ ዝም ብለው ጠበቁኝ። እኔ ግን ፈራሁ።

ሰው አልነበራችሁም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ሞልቶ! «የምረዳሽ ነገር አለ?» ትላለች ሳሌም በስልክ። «ኧረ ምንም፣ ደህና ነን፣ አትቸገሪ!» ትላለች ሩሃማ፣ ዐይኗን ጨፍና። ከፌርፋክስ የመጣ እንግዳ ምግብ ይዞ ይገባል፤ ሩሃማ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ታስተናግደዋለች። «እኔ ልያዛት፣ አንቺ ጋደም በይ» ሲሏት «እንግዳ አስቀምጬ?» ትላለች። እኔም ብሆን ከእሷ አልሻልም፤ «እንዴት ናችሁ?» ሲሉኝ «በጣም ደህና!» እያልኩ እንቅልፍ ያዳፋኛል። በይሉኝታ የሞተ ሰው መቃብሩ ላይ አይጻፍለትም እንጂ ብዙ ነው።

እትዬ ተናኘወርቅ በራችንን ያንኳኩት በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ይዘው፣ ወደ ቢጫው ቀይረው፣ ከዚያ አውቶቡስ፤ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የነገረችኝ ሩሃማ ናት።

«እትዬ፣ ምነው በዚህ ብርድ! ይግቡ፣ ምን ላቅርብልዎ?»

«ምንም። ልጠይቅሽ አልመጣሁም፣ ልረዳሽም አልመጣሁም። ተሳሳተች እየተባልኩ ስሜ በየቤቱ እየጠፋ ነው። ቼክ ላደርጋት ነው የመጣሁት። ልጅቱን አምጪ!»

«እሺ፣ እኔም አጠገብዎ ልቀመጥ...»

«አንቺ ካለሽ ጠረንሽን ታሸታለች፣ ዳታው ይበላሻል። መኝታ ቤት ግቢና በሩን ዝጊ!»

እርዳታ እምቢ ይባላል። ምርምር ግን እንዴት ተደርጎ እምቢ ይባላል? ሩሃማ ገባች።

በማግሥቱም መጡ። ትናንት ደመና ስለነበር አይቆጠርም አሉ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ረቡዕ ከማክሰኞ ጋር መመሳከር አለበት ተባለ። ከዚያ በኋላ ከእሑድ በቀር ቀርተው አያውቁም። «ወንድ ብትሆን በአርባ ቀን ክርስትና ትነሣና ጥናቴን እዘጋ ነበር» አሉ፣ «ሴት ሆነች፣ ሰማንያ ቀን ነው። ምን ይደረግ!» እኔ ሰባት ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ያኔትን አቅፈው ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ያያሉ። «እትዬ፣ ክንድዎ ዝሏል፣ ልቀበልዎ» ስላቸው «ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ! የሾፌር ድምፅ ያባንናታል፣ ግባና ተኛ» ይሉኛል። ገብቼ እተኛለሁ። አረንጓዴ መብራት መጠበቄንም ቀስ በቀስ ተውኩ።

ከክርስትናው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እትዬ ተናኘወርቅ በተቀመጡበት እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ያኔት ደረታቸው ላይ ናት። ደብተሩ ጉልበታቸው ላይ ተከፍቶ፣ መዳፋቸው ከዚያ ከድብቁ ዓምድ ላይ ተንሸራቷል። ማየት አልነበረብኝም። አየሁ።

የዓምዱ ርእስ «እናት» ይላል። ከሥሩ በዚያው በፓርኪንግ እጃቸው እንዲህ ተጽፏል፦ «ሩሃማ። ገባች 3፡40፣ ወጣች 6፡05።» «ገባች 4፡10፣ ወጣች 4፡35። ስልክ ቀሰቀሳት፤ ነገ ስልኩን መደበቅ።» «ገባች 3፡50፣ ወጣች 7፡00። ጎበዝ።» ስለ ያኔት እንቅልፍ እቤታችን መምጣት ከጀመሩ ከሁለተኛው ቀን ወዲህ አንድ መስመር የለም።

ደብተሩን በቀስታ አንሥቼ ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሩሃማ ገና ነፍሰ ጡር ሳለች በየማታው «ጋደም አለች 1፡00፣ ተነሣች 2፡00» ተብሏል። የሳሌም መንታዎች ገጽ ላይ የምትገባውና የምትወጣው ሳሌም ናት። ሠላሳ አንድ እናቶች ቆጠርኩ። ትንበያውን ታዝዞ «ልክ» ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ከአራት አይበልጥም፤ እሳቸውም ግድ የሰጣቸው አይመስልም። የተሳሳቱበት ቤት ሁሉ ግን ለማጣራት ሄደዋል። እንባዬ መጣ። ሰው ፊት የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ደግነቱ የነቃ ሰው አልነበረም። ደብተሩን መልሼ ከመዳፋቸው ሥር አደረግሁት።

በክርስትናው ዕለት እትዬ ተናኘወርቅ ከድግሱ መሀል ብድግ አሉ። «ይቺ ልጅ ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ሙሉ ተኝታለች! የሌሊት እንቅልፋም ናት ብያለሁ፤ ዘገየ እንጂ አልተሳሳትኩም። ብሥራት፣ መስክር!»

«ከመጀመሪያውም ልክ ነበሩ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጸጋዬ ጉርሻውን እንደያዘ አፈጠጠብኝ።

ትንሽ ቆይቶ የስፕሪንግፊልዷ ናዝራዊት ወደ ጥግ ሳበችኝ። አምስት ወሯ ነው፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ነው የምትውለው፤ እናቷ እዚህ የሉም።

«ብሥራት፣ እውነቱን ንገረኝ። ትንበያቸው ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ዛሬውኑ መመዝገብ።»

ልትስቅ አፏን ስትከፍት ከኋላችን ደብተር ሲገለጥ ተሰማ። «አንቺ! ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ተራገጠ?»

«እንዴት ዋሉ እትዬ...» ብላ ጀመረች፣ እንደቆመች።

«ቆመሽ የቆጠርሽውን አይቀበሉም» አልኳት፣ ወንበር እየሳብኩላት።