የክቡር ሥራ አስኪያጁ ወርቃማ ቢራ

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ሰሞን በመኖሪያ ቤታቸው ቢራ መጥመቃቸው የታወቀ ነው። አልሰማሁም የሚል ካለ የማስታወቂያ ሰሌዳ የማያነብ ሰው ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ደግሞ መልስ የለኝም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሥራ አስኪያጁ የእህቴ ባል ናቸውና። ይህን ስናገር ሐሜተኞች «አሃ! በዝምድና ነዋ የተቀጠርከው» ይሉኛል። ሐሰት ነው። የተቀጠርኩት በውድድር ነው። ተወዳዳሪው እኔ ብቻ መሆኔ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ካርቶን ነው። ልጃቸው ለልደታቸው የቢራ መጥመቂያ ላከችላቸው። ሲከፈት አንድ ነጭ የፕላስቲክ በርሜል፣ በጣሳ የታሸገ ወፍራም የብቅል ሽሮፕ፣ ከሻይ ቅጠል ከረጢት የማትበልጥ የእርሾ ፓኬት እና አንድ ገጽ መመሪያ ወጣ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ወርቃማ ቢራ በቤትዎ፤ ማንም ሊሠራው ይችላል» ይላል። ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጁን ማለቴ ነው፣ «ማንም» የሚለውን አልወደዱትም። ማንም የሚሠራውን ሥራ አስኪያጅ ከሠራው ምኑን ሥራ አስኪያጅ ሆነው አሉና ሥራውን እንደ ማዕረጋቸው ለማክበድ ወሰኑ።

እህቴ ሽሮፑን በሙቅ ውሃ መበጥበጥ፣ እርሾውን መነስነስና መክደን ነው፣ ለዚህ ደግሞ የምን ስብሰባ ነው ብላ ተቆጣች። እህቴ ቢሮ ሠርታ ስለማታውቅ አልፈረድኩባትም።

የመምሪያ ኃላፊዎች በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት እቤት ተጠሩ። ወጥ ቤቱ ስለማይበቃ የእህቴን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ያዝን። የግዥ ኃላፊው ቧንቧውን ከፈተ። የንብረት ኃላፊው ውሃው በርሜሉ ውስጥ መግባቱን አይቶ አረጋገጠ። የጥራት ኃላፊው በርሜሉን በጣቱ ኳኳ አደረገና ራሱን ነቀነቀ፤ ምን እንደሰማ አልነገረንም። ሽሮፑ የተበጠበጠው በምክትሉ እጅ ነው። እሱም ቢሆን የእንጨት ማንኪያውን በየመሃሉ እያቆመ ወደ ጋሼ ያይ ነበር፤ ወደ ቀኝ ይዙር ወደ ግራ በግልጽ አልተነገረውም።

ስለ ምክትሉ ትንሽ ልበል። ሦስት ሥራ አስኪያጆችን በምክትልነት ያሳለፈ፣ ፀጉሩ በምክትልነት የሸበተ ሰው ነው። ከአፉ ከ«ልክ ነዎት» ሌላ ቃል ወጥቶ ስለማያውቅ ቅጽል ስሙ ራሱ ልክነዎት ነው። ጋሼ በዚያ ሰሞን ወደ ላይ፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊዛወሩ ነበርና ወንበራቸውን ለእሱ ቃል ገብተውለታል። «ከቢራው በኋላ እናየዋለን» ብለውታል። ሚስቱ ለአዲሱ ቢሮ መጋረጃ መርጣ ጨርሳለች። ስለዚህ ያ ሽሮፕ ሲበጠበጥ የሰውዬው የዕድሜ ልክ ምኞት አብሮ እየተበጠበጠ ነበር ማለት ይቻላል።

ተራው የእርሾው ሲሆን ጋሼ ሁላችንንም አስቆሙን። እርሾ መጨመር ዋናው ሥራ ነውና እንዲሁ በሜዳ የሚደረግ አይደለም አሉ፤ ምረቃ ያስፈልገዋል። ምክትሉ በትሪ ላይ መቀስ ይዞ ቆመ። የሕዝብ ግንኙነቷ ካሜራዋን አነሳች። ጋሼ ሱፍ ኮታቸውን ደረቡ፣ ፓኬቷን ከበርሜሉ አፍ በላይ ከፍ አደረጉ፣ መቀሱን አስጠጉ። እሷ ትንሽ ወደ ቀኝ ዞር፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ አለች። ብልጭ! አጨበጨብን።

ልክ ሊቆርጡ ሲሉ ስልካቸው ጮኸ። ከበላይ ነው። ጋሼ ከበላይ ሲደወልላቸው ከመቀመጫቸው ይነሳሉ፤ ያን ጊዜ ቆመው ስለነበር ተረከዛቸውን ገጠሙ። «አቤት... አሁኑኑ... መጣሁ» እያሉ ፓኬቷን ኮት ኪሳቸው ከተቱና እየሮጡ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። እኛ ተያየን። ምክትሉ ክዳኑን አንስቶ በክብር በርሜሉን ከደነ። የቀረ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ግን ሳይጠየቅ አፉን የሚከፍት ሰው ሥራ ላይ አይቆይም።

ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ፎቶው ተለጠፈ፤ ከሥሩ «ክቡር ሥራ አስኪያጁ እርሾውን በይፋ ጨመሩ» ይላል። ከዚያ ወዲያ እርሾው ገብቷል አልገባም ብሎ መጠየቅ ሰሌዳውን መጠራጠር ነው። ሰሌዳውን የሚጠራጠር ሰው ደግሞ ነገ ምን እንደሚጠራጠር አይታወቅም። ጋሼ ራሳቸው ሰኞ ጠዋት ቆመው አነበቡት። ደስ አላቸው። እኔ እንኳ ቆርጬ መጨመሬን ረስቼው ነበር፣ ሥራ ሲበዛ እኮ እንዲህ ነው አሉ።

በመመሪያው መሠረት ቢራው መንተክተክ፣ ከክዳኑ ቀዳዳም ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ መሰማት ነበረበት። የእኛው ጭጭ አለ። እህቴ ጆሮዋን በርሜሉ ላይ ለጥፋ ይሄ ነገር ሞቷል አለች። የጥራት ኃላፊው ተጠርቶ መጣና የሌሎች ቢራ የሚንጫጫው ሥርዓት ስለሌለው ነው፣ ይሄኛው በዲሲፕሊን የታነጸ ነው ሲል አስረዳ። ጋሼም በእኔ ቤት ውስጥ ደግሞ ማን ድምፅ ያሰማል አሉ። ይህ እውነት ነው። እኔ ራሴ እዚያ ቤት ሳስል ወደ ደጅ ወጥቼ ነው።

መመሪያው ያዘዘው ቀን ሲሞላ፣ የቅምሻው ዕለት እሁድ ከሰዓት ሁላችንም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ጋሼ ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል። ብርጭቆ ተሞላ። ፈሳሹ አረፋ የሚባል የለውም፤ ሸንኮራ አገዳ የመጠጥን ያህል ይጣፍጣል፣ ከንፈር ከከንፈር ያጣብቃል። ጋሼ አንድ ጊዜ ተጎነጩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኃይለኛ ነው» አሉ።

እንግዲህ አለቃ ኃይለኛ ነው ያለውን ጠጥቶ በሁለት እግር ቀጥ ብሎ መቆም ንቀት ነው። ይህ ቶሎ የገባው የግዥ ኃላፊው ነበር። ገና ብርጭቆውን ሳያጋምስ ተንገዳገደ። የንብረት ኃላፊው ላለመበለጥ ከመጋረጃው ጋር ተቃቅፎ የድሮ ፍቅረኛውን ይጠራ ጀመር። የሕዝብ ግንኙነቷ ከማቀዝቀዣው ጋር ጨፈረች። የጥራት ኃላፊው ጫማውን አውልቆ ጆሮው ላይ ለጠፈና ሃሎ ሃሎ አለ። ቤቱ የለየለት መጠጥ ቤት ሆነ። እኔ በተፈጥሮዬ ጭምት ስለሆንኩ ስካሬን በእንቅልፍ ገለጽኩ፤ ሶፋው ጥግ ተጠቅልዬ አንድ ዓይኔን ብቻ ገርበብ አደረግሁ።

ምክትሉ ብቻ ቀረ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፣ በጤናማ ሰው አቋቋም። ጋሼ አዩት። «አንተስ? ምነው፣ የእኔ ቢራ አልያዘህም እንዴ?» አሉት።

ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። ወንበሩ በዚያች ብርጭቆ ላይ ተንጠልጥሏል። ግጥም አድርጎ ጠጣ፣ ከረባቱን አላላ፣ ሊንገዳገድ ሞከረ አልሆነለትም፣ ሊዘፍን ሞከረ ድምፅ የለውም። ሰካራም ምን ያደርጋል ብሎ በጭንቀት ሲያስብ አየሁት። ሰካራም እውነት ይናገራል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለም? ብቅሉስ ቢሆን ነበረበት።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ» አለ፣ ጣቱን ወደ ጋሼ እየቀሰረ። «ዘንድሮ በጉባኤው ላይ ያነበቡት ንግግር የአምናው ነው። የአምናውም የካቻምናው ነው። እኔ ቀኑን ብቻ ነው የምቀይርልዎ። እርስዎ አንድም ጊዜ አልነቁም።»

አለቀለት አልኩ በልቤ። ግን ጋሼም በዚያ ሰዓት ሰካራም ናቸው፤ ቢቆጡ በገዛ ቢራቸው አልሰከሩም ማለት ነው። ተነሥተው አንገቱን አቀፉት።

«መንቃቱንማ ነቅቼ ነበር» አሉት። «ለዚህ እኮ ነው ሳልደናቀፍ የማነበው። ወንድሜ፣ እኔም ልንገርህ። ይሄ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሠራ አላውቅም። መጀመሪያ ስመጣ ልጠይቅ አፈርኩ፤ በኋላ ደግሞ መሸብኝ።»

ሁሉም አለቀሰ። የግዥ ኃላፊው እኔም አላውቅም ብሎ መሬት ላይ ተዘረጋ። ምክትሉ እያለቀሰ ይስቃል፤ ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር በራ፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሰውዬውን ወጣት አስመሰለው። ጋሼም እንባቸው ገንፍሎ መሐረብ ፍለጋ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ሲስቡ፣ ከመሐረቡ ጋር አንዲት ትንሽ ፓኬት ወጥታ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለች።

ያነሳቻት እህቴ ናት። አገላብጣ አየቻት፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየቻት።

«ይሄ እርሾው እኮ ነው። አልተከፈተም» አለች። ከዚያ አንድ በአንድ አየችን። «እና እናንተ በምኑ ነው የሰከራችሁት?»

የንብረት ኃላፊው መጋረጃውን ቀስ ብሎ ለቀቀው። የጥራት ኃላፊው ጫማውን ከጆሮው አውርዶ እግሩ ላይ አጠለቀ፤ ክሩንም አሠረ። የጋሼ እጅ ገና በምክትሉ አንገት ላይ ነው፤ ሊያነሡት ፈለጉ፣ ግን ካነሡት ያሉትን ሁሉ በጤናቸው ማለታቸው ሆነ። ምክትሉም ክው ብሎ ቀርቷል። የበራው ነገር ከፊቱ ላይ ጠፋ።

እንደ ዕድል ሆኖ ብስለት ያላቸው ኃላፊዎች አሉን። ጋሼ ጉሮሯቸውን አጸዱና ስብሰባው ተጀምሯል አሉ። እዚያው ቆመን መከርን። የእርሾው በይፋ መጨመር በፎቶ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ፓኬቷ ሌላ ፓኬት መሆን አለባት ተባለ። እህቴ ሌላ ፓኬት አልነበረም ብትል፣ በቤቱ ውስጥ ካለነው ያልሰከረችው እሷ ብቻ ስለሆነች ምስክርነቷ የአንድ ወገን ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። ስካሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ምክትሉም እጁን አወጣ፤ ከሁላችን በፊት።

ሰኞ ኮሚቴ ተጠራ። ምክትሉን ያን ዕለት ሰክረህ ነበር ወይስ አልሰከርክም ብለው ጠየቁት። አልሰከርኩም ካለ አለቃውን በጤናው ደፍሯል። ሰክሬ ነበር አለ። ኮሚቴው አመስግኖት ጉዳዩን መረመረና፣ የጋሼ ስካር በሥራ ምክንያት የደረሰ ሲሆን የእሱ ግን የግል ባሕርይ ነው ሲል ወሰነ። በመጀመሪያዋ ብርጭቆ ሆዱን የሚዘረግፍ ሰው ወንበር አይሰጠውም ተባለ። ወደ ምድር ቤቱ ዕቃ ክፍል ተዛወረ፤ ያረጁ ወንበሮች ጠባቂ ነው። ጋሼ በደማቅ ሽኝት ወደ ላይ ሄዱ። ወንበራቸው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አርአያነት ያለው ጸጥታ ያሳየ ሠራተኛ ተፈልጎ እኔ ተገኘሁ። ሐሜተኞች ዘንድሮም ዝምድና ይላሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

እኔ ግን ሰው ነኝና ሰውዬው አሳዘነኝ። አንድ ቀን ወደ ዕቃ ክፍሉ ወረድኩ። ከወንበሮቹ መሃል እግሩ በተሰበረው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሲያየኝ አልተነሳም። ይህን ታዘብኩ፣ ግን አለፍኩት።

«ጋሽዬ» አልኩት፣ በዕድሜ ይበልጠኛልና፣ «አልሰከርኩም ብትል ምን ነበረበት? ወንበሩስ ቢሆን ያው ቀርቶብሃል። ቢያንስ የሰካራም ስም አይወጣልህም ነበር።»

ጋዜጣውን አጠፈ። ፈገግ አለ።

«መስከሩንማ ሰክሬአለሁ» አለኝ። «ኮሚቴው ቀኑን ነው የተሳሳተው። እኔ የሰከርኩት እዚያ ፎቅ ላይ ነው፣ ይኸን ሁሉ ዓመት። ያን እሁድ ግን ነቅቼ ነበር፤ እንደዚያ ነቅቼ አላውቅም። ዛሬም አልተኛሁም።»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ተነካ። እጁን ይዤ አይዞህ አልኩት፤ ይህ በእኔና ባንተ መካከል ይቅር ብዬ ምዬ ተገዝቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የተናገረውን ቃል በቃል ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ወዳጅነት ሌላ፣ ሥራ ሌላ።