ከአተት ነፃ የሆነችው ቀበሌ

በሽታን በእግር እየዞሩ መፈለግ ያለፈበት አሠራር መሆኑን ያበሰረው፣ ለክብሩ ሲባል ስሙ የማይጠራ አንድ የሸዋ ሮቢት መሥሪያ ቤት ነው። ኃላፊው አቶ ገብረሚካኤል፣ በፌስቡክ የሚጻፈውን ለቅሞ የታመመ ሰው ያለበትን ቦታ በካርታ ላይ በቀይ የሚያሳይ ሲስተም ያስመረቁ ዕለት፣ «ከእንግዲህ በሽታ መደበቂያ የለውም» ብለው ተናገሩ። ጭብጨባው ቀለጠ። በሽታው ስብሰባው ላይ ስላልተገኘ መልስ አልሰጠም።

ሲስተሙ አቅሙን ያስመሰከረው ኃላፊውን ሆዳቸውን ቆረጥ ያደረጋቸው ሰሞን ነው። ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ እንደተሰካ ፎቶ ተነሥተው ፌስቡክ ላይ ለጠፉ። የአገሩ ሰው የታመመ ሳይጠይቅ አይውልም፤ የታመመው አለቃ ሲሆን ደግሞ ያልጠየቀው ይታወቃል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው «ሕመምዎን ለእኔ ያድርገው» ብሎ ጻፈ። ሲስተሙ ስለ ሕመም የጻፈን ሁሉ ታማሚ ብሎ ይቆጥራልና ካርታው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰፈር እንደ በርበሬ ቀላ። መጋዘን የነበረው ኦአርኤስ በሙሉ ተጭኖ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ ተደረደረ።

በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከበቡሽ ከዋርካ ሥር ቀበሌ ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በባጃጅ መጣች።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰው በአተት ተኝቶብኛል። የወንዙ ውኃ ነው መሰለኝ። ኦአርኤስ ቶሎ ይስጡኝ።»

አቶ ገብረሚካኤል ካርታውን አዩ። ዋርካ ሥር እንደ ነሐሴ ማሽላ አረንጓዴ ናት።

«ዘጠኙ መታመማቸውን የት ጻፉ?»

«እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኳቸው።»

«ራሳቸው ናቸው እንጂ መጻፍ ያለባቸው።»

«ኔትወርክ እኮ የለም ጋሼ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ። እንግዲህ ኔትወርክ ሲገባ እንመዘግባቸዋለን» አሉ በርኅራኄ።

ከበቡሽ ባዶ እጇን ተመለሰች። አቶ ገብረሚካኤል ግን ነገሩን ሲያብላሉት ዋሉ። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ሰው ታመምኩ ያላለባት ቀበሌ እንዴት ዝም ትባላለች? «ከአተት ነፃ» የሚል ምስክር ወረቀት በመስታወት አስደርገው፣ በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ይዘው ወረዱ።

የወጣው ሰው ጥቂት ነበር። «ሌላውስ?» ብለው ቢጠይቁ፣ የተቀበሏቸው ሽማግሌ ጋሽ ተመስገን «ከፊሉ ታሞ ተኝቷል፣ ከፊሉ ያስታምማል፣ ጌታዬ» አሉ። ኃላፊውም «እንግዲያው እናንተ ስለ እነሱም አጨብጭቡ» ብለው ንግግራቸውን ጀመሩ። ፀሐዩ የቀወት ቆላ ፀሐይ፣ ንግግሩም የኃላፊ ንግግር ነውና ጉሮሯቸው ደረቀ። ከበቡሽ «ያልፈላ ነው፣ ይቅርብዎ» እያለቻቸው፣ «ነፃ በሆነ ቀበሌ ምን ሥጋት አለ» ብለው የወንዙን ውኃ በጣሳ ጨለጡት።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞልቶ መኪናቸውን አላሻግር ስላለ፣ ምስክር ወረቀቱ በተሰቀለበት ጤና ኬላ አደሩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ኃላፊው ከአልጋ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ አልጋ መመላለስ ያዙ። ስልካቸውን ወደ ሰማይ ቢያነሱት ምንም የለም። አንድም ሰው «ለእኔ ያድርገው» የሚላቸው ጠፋ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ማንኛችንም ሞትን ፈሩ።

«ከበቡሽ፣ ኦአርኤስ ስጪኝ።»

«አዳራሽዎ ውስጥ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

ውኃ አፍልታ አቀዘቀዘች፤ ስኳርና ጨው ለክታ በጠበጠች፤ ዘጠኙን ስታጠጣ እንደሰነበተችው እሳቸውንም በማንኪያ አጠጣቻቸው። ነፍሳቸው መለስ ስትል ዓይናቸው ደብተሯ ላይ አረፈ።

«አሥረኛ አድርገሽ መዝግቢኝ እንጂ» አሉ በደከመ ድምፅ።

ከበቡሽ ራስጌያቸው የተሰቀለውን ምስክር ወረቀት ቀና ብላ አየችው።

«እንግዲህ ኔትወርክ ሲገባ እንመዘግብዎታለን» አለች በርኅራኄ፤ ማንኪያውንም ደግማ ሞላችላቸው።