ቅርንጫፍ ሰባሪው ተንታኝ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ላሟ ወሬ ልትሰማ ወጥታ በረቷ ባዶ ነው። የሄደችው ወደ ጉሬዛ ዛፍ ነው።

ጉሬዛ ያን ነጭ ካባውን ደርቦ፣ ትልቅ ዋንዛ ላይ ተቀምጦ የጫካውን ጉዳይ የሚተነትን አዋቂ ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነትም ደክሞበታል። ወንዙ ለምን እንደደፈረሰ ለማወቅ ሰባት ቀን ሽቅብ ተጓዘና፣ የንጉሡ የአንበሳ አማች ጎሽ ከላይ ሆኖ ሲንቦጫረቅበት በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። ሊናገር ሲቀመጥ የመጡት ግን ኤሊና አንድ የተኛ ከርከሮ ብቻ ነበሩ።

ገና «ወገኖቼ፣ ወንዛችንን ያደፈረሰው…» ሲል የያዘው ቅርንጫፍ ቋ አለ። ደንግጦ «ተሰበረ!» ብሎ ጮኸ። ጫካው በሙሉ «ምን ተሰበረ?» እያለ ግር ብሎ መጣ።

ያን ያህል ጆሮ አይቶ የማያውቀው ጉሬዛ ወንዙን ረሳው። በማግስቱ ሆን ብሎ አንድ ቅርንጫፍ ሰበረና «ሰበር! አንበሳ ትናንት አዛግቷል። ከማዛጋቱ በስተጀርባ ማን አለ?» አለ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰበረ። «ሰበር! የሜዳ አህያ መስመር ባህላችንን ወዴት እየወሰደው ነው?» ሲጨርስ «ጭራችሁን ሳትቆሉ እንዳትሄዱ» ይላል። ጭራ የሌለው እንኳ ተውሶ ይመጣ ነበር።

ከፊት ተቀምጦ ከሁሉ አብልጦ የሚቆላው አያ ጅቦ ነው። «ያቺ ‹ቋ› የምትለዋ ነገር ነፍሴ ናት» ይላል።

የጉሬዛ ሚስት ግን አላስቻላትም። «ኧረ አንተ! ልጆችህ የሚበሉትን ቅጠል እኮ ነው የምትሰብረው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው» አለችው።

«ዝም ብል ሁሉም ወደ ጦጢት ዛፍ ይሄዳል። እሷም መስበር ጀምራለች» አላት።

ሚስቱ ልጆቿን አዝላ ወደ ሌላ ዛፍ ተሻገረች። ጉሬዛም አንድ ቅርንጫፍ ሰብሮ «ሰበር! ትዳር በጫካችን ለምን ፈረሰ?» የሚል ትንታኔ ሠራበት። እንደዚያ ቀን ጭራ ተቆልቶለት አያውቅም። ብቻውን ሲሆን ግን ያለቅስ ነበር፤ አልዋሽም፣ አሳዝኖኛል።

በመጨረሻ ዋንዛው ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቀረ፤ እሱም የተቀመጠበት ነው። ከታች ሕዝቡ «ሰበር! ሰበር!» ይላል። ጉሬዛ ማዶ ያሉትን ልጆቹን አየ፤ የሚቆላውን ጭራ አየ፤ ጭራው በለጠበት። ብድግ ብሎ በኃይል ቁጭ ቢል፣ ቋ! ከነካባው መሬት ላይ ተዘረጋ።

እንስሳቱ «ድገመው!» እያሉ ቆሉለት። የሚሰበር እንደሌለ ሲያዩ ወደ ጦጢት ሮጡ። ኤሊ ብቻ እየተንፏቀቀች ቀረበች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ሳይጨርሷት የቀረች ነገር ነበረች። ወንዙን ያደፈረሰው ማን ነው? እኛ እስካሁን ጭቃ እየጠጣን ነው» አለችው።

ጉሬዛ እንደምንም ትንፋሹን ሰብስቦ «ጎሽ» አለ።

«ኧረ ምስጋናው ይቆየኝ፣ ስሙን ይንገሩኝ» አለች ኤሊ።

ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት አያ ጅቦን አጠገቡ አየው። «አንተስ አትሄድም እንዴ? ቅርንጫፉ እኮ አለቀ» አለው።

«አይዞህ ወንድሜ» አለ አያ ጅቦ ጭራውን እየቆላ፣ «አጥንትም ይሰበራል።»