ሌት ማለት

ትናንት ሌሊት በግራ ጎኔ ሳልተኛ አልቀረሁም፤ በሕልሜ የሄድኩበት አገር ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ነው ያደረው።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ይዤው የተኛሁትን ጉዳይ ልናገር። ሌት ቼራብስ የሚባል ባንድ አለ። አራት ናቸው፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ደግሞ ፀጉሯን ሰማያዊ የምትቀባ ዘፋኝ። ሌት በእንግሊዝኛ የዘገየ ማለት ነው፣ ቼራብ ደግሞ ኪሩብ፤ ሲገጣጠም የዘገዩ ኪሩቤል እንደ ማለት ይሆናል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ እነሆ ስድስት ዓመት፣ ሳልሰማቸው የዋልኩበት ቀን የለም። የምሰማው በኤርፎን ነው። አንድ ጊዜ ገመዱ ሲነቀል አባቴ ከጓዳ «ምን ወደቀ?» ብሎ ሮጦ መጥቷል። ዘንድሮ ሊበተኑ ነው። ከመበተናቸው በፊት ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወታሉ፤ እኛ ከተማ፣ ኮለምበስ፣ የሚመጡት ዛሬ ቅዳሜ ማታ ነው። ዛሬ ካላየኋቸው መቼም አላያቸውም።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነን። በቤታችን ሁለት ሕግ አለ፤ አንደኛው ማታ አይወጣም፣ ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በአማርኛ ፊደል ይጻፋል፣ የአስቤዛ ዝርዝርም ቢሆን። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር፣ በዛሬው ቀን ላይ፣ «ሌት ቼራብስ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበው።

«ቼራብ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ኪሩብ» አልኩት። እውነቴን ነው።

«ሌት ኪሩቤል» አለና ፊቱ በራ። «ሌሊቱን ነው እንግዲህ። እናንተ ወጣቶቹ ማኅሌት ልትቆሙ ነው?»

ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ውሸት ነበር፣ እሱንም ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዤው ዞርኩ። ቅዳሜ ማታ አባቴ ሥራ ላይ ስለሆነ ማንም ሳያውቅ ሄጄ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ትናንት ማታ ግን ካሌንደሩ ላይ እኔ ከጻፍኩት ሥር በእጁ ትንሽ መስቀል ሥሎበት አገኘሁ። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ፣ ቢከለክለኝም ይከልክለኝ ብዬ ተኛሁ።

በሕልሜ ቀትር ነበር። በዚያ አገር ሰው ለጭፈራ የሚወጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ የአባቴን መነጽር አድርጌ፣ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዜና አያለሁ። አባቴ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጆሮውን ተበስቷል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

«እማዬ፣ ልወጣ ነው» አለኝ።

«ወዴት?»

«ማኅሌት አለ።»

«ድራም የሚመታው የማን ልጅ ነው?»

«ድራም የለም» አለ ቶሎ ብሎ። «ከበሮ ነው።»

«በዚህ ሱሪ ነው ማኅሌት የሚቆመው?»

«ስሰግድ ነው የተቀደደው።»

ጃኬቱን ቦርሳ ውስጥ ደብቋል፤ ሽቶውን ደጅ ወጥቶ ሊቀባ ኪሱ ይዟል። ብልሃቱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ የራሴ ነው። ቢሆንም ከፋኝ። ምን አድርጌው ነው የሚዋሸኝ፣ ቢጠይቀኝ እምቢ እንደምለው በምን አወቀ አልኩ። እምቢ እለው ነበር። «እሺ፣ በጊዜ ግባ» አልኩትና ሲወጣ ጠብቄ ተከተልኩት።

ደጅ ላይ ጎረቤታችን ሚስተር ሃልቨርሰን ያዘኝ። ይህ ሰው በእውኑ ዓለም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሃይ» ከማለት በቀር ቃል ተንፍሶ አያውቅም። በሕልሜ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«እንዴት ዋልሽ? ደኅና ነሽ? ደኅና ውለሻል? አባትሽ ደኅና ናቸው? አክስትሽስ? የአክስትሽ ጉልበት እንዴት ሆነላቸው?»

«ሃይ» አልኩት፣ ቸኩዬ ስለነበር።

ሚስተር ሃልቨርሰን ደነገጠ። «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» አለና እንባው መጣ። ሽማግሌ ካልገባበት አይሆንም ብሎ ውሻውን ጠራ። ውሻው ገመዱን በራሱ አፍ እንደያዘ መጥቶ ሁለታችንንም አዳመጠ፤ «እሱም ለመቀየም ቸኮለ፣ አንቺም ሰላምታ ነፈግሽ፤ በሉ ተሳሳሙ» ብሎ አስታረቀን። በዚህ አንድ ሰዓት ያህል ሄደብኝ።

አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በየወንበሩ መሪ ይዞ ይነዳል፤ ሾፌሩ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። አውቶቡሱ ንቅንቅ አይልም፤ በየተራ ወደ እኛ የሚመጡት ፌርማታዎቹ ናቸው። ስልኬ ጠራ፤ የምሠራበት ሳንድዊች ቤት አለቃዬ ነው።

«ሰሎሜ፣ ነገ አሞኛል ብዬ ልቅር?»

«ድምፅህ ደኅና ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ማስመሰል አልቻልኩበትም» አለና ዘጋው።

በመስኮት አንዲት ሴትዮ አንድ ፖሊስ አስቁማ፣ እጆቹን መኪናው ላይ አስደግፋ ስትመረምረው አየሁ።

«ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

«አላውቅም፣ እመቤቴ።»

«እኔም አላውቅም» አለችና ለቀቀችው።

አባቴ ከሚቀጥለው ፌርማታ ጋር አብሮ መጣ። ሳያየኝ ወደ አንድ አዳራሽ ሲገባ ወርጄ ተከተልኩት።

አዳራሹ በር ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ባንዶች ናቸው፤ ከንጋት ጀምረው የቆሙ፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡ፣ ጊታራቸውን ያዘሉ። ከሁሉም ፊት ሌት ቼራብስ አሉ። አራቱም የእኔ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ለብሰዋል። ጀርባው ላይ «ሰሎሜ ጌታሰው፣ የመጨረሻ ጉዞ» ይላል፤ ከሥሩ የኖርኩባቸው ቦታዎች ተዘርዝረዋል፤ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት፣ ኮለምበስ ትኋን ያለበት ቤት፣ ኮለምበስ አሁን ያለንበት። ዘፋኟ ስታየኝ ራሷን ልትስት ምንም አልቀራት።

«እኔ ደብረ ማርቆስ ነበርኩ» አለችኝ። «ያኔ ገና ማንም አያውቅሽም ነበር።»

በረኛው ትከሻው በሩን የሚያህል ሰው ነው። መታወቂያውን አውጥቶ አሳየኝ። «ዕድሜዬ ደርሷል፣ እይው» አለ። «ግቢልኝ በእናትሽ።» ገባሁለት።

መድረክ ላይ አወጡኝ። ማይክራፎን የለም፤ አንድ ወንበርና ኤርፎን ብቻ ነው ያለው። በዚያ አገር ሰው ተሰልፎ የሚያየው ሲዘፈን ሳይሆን ሲሰማ ነው። ኤርፎኑን አደረግኩና ሰማሁ። ባንዶቹ ጮኹ፣ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹኝ። አንዱ ድራም መቺ ለጓደኛው «ዓይኗን ሳትጨፍን ነው እኮ የምትሰማው» ሲል በጆሮዬ መጣ። መጀመሪያ አውቶቡስ ውስጥ የምሰማውን ሰማሁላቸው፣ ቀጥሎ ዕቃ እያጠብኩ የምሰማውን። አዳራሹ ተናጋ።

«የዘጠነኛ ክፍሉን» አለች ዘፋኟ።

የዘጠነኛ ክፍሉን ሰው ፊት ሰምቼው አላውቅም። ትምህርት ቤት አነጋገሬን እየደገሙ ይስቁብኝ ስለነበር ምሳዬን የምበላው ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ነበር። ሌት ቼራብስን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ለአባቴ ምሳ ከጓደኞቼ ጋር እንደምበላ ነበር የምነግረው፤ ስንት ናቸው ሲለኝ አራት እለው ነበር። በጣም ብቸኛ ነበርኩ። ያንን ሰማሁላቸው። ከፊተኛው ወንበር አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ «ይደገም» አለ። አባቴ ነበር፣ ያለቅሳል።

ያን ጊዜ ሁሉንም ልነግረው ፈለግኩ። ኤርፎኑን አወለቅኩ። «አባዬ፣ ሌት ማለት» ስል በረኛው ሮጦ መድረክ ላይ ወጣ።

«እዚህ መስማት እንጂ መናገር ክልክል ነው» አለኝ በትሕትና።

«አንድ ቃል ብቻ ነው።»

«አንድም ቃል ቢሆን።»

«ምን አለችኝ?» ይላል አባቴ ባንዶቹን እየገፋ።

«ሌት አለችህ» አለችው ዘፋኟ።

«ሌት ምን?»

አፌን ስከፍት ድምፄ አልወጣ አለ። አባቴ መድረኩ ላይ ወጥቶ ትከሻዬን ይዞ ይወዘውዘኝ ጀመር። «ሰሎሜ፣ ሰሎሜ፣ ተነሺ እንጂ» ሲለኝ ነቃሁ።

አባቴ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል። ለጥምቀት ብቻ የሚያወጣውን ነጭ ሱሪ ለብሶ ነጠላውን አጣፍቷል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

«አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት።

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አለና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ማታ አብሬሽ ልመጣ ነው። ልብሱን እስኪ ልሞክረው ብዬ ነው አሁን የለበስኩት። የቅዳሜ ማታ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። መሥሪያ ቤት ያለው ሪካርዶ በስልኩ ፈልጎ ቲኬት ቆረጠልኝ፤ እዚህ አገር ማኅሌቱም በቲኬት ነው ለካ። ይህማ ነፍስን ያናውጣል አለኝ።»

«አንተ ብቻ ነህ?»

«የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ አስካለና ማኅበርተኞቹም አሉ። አሥራ አንድ ነን፣ ቫን ተከራይተናል። እትዬ አስካለማ ከትናንት ጀምረው እህል አልቀመሱም።»

ልነግረው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን እጄን ያዘ።

«እዚህ አገር ከመጣን» አለኝ፣ «የሰውን ልጅ ሁሉ ወደሚሄድበት ሳደርስ ነው የኖርኩት። አንቺ ወደምትወጂው ቦታ አንድ ቀንም አብሬሽ ሄጄ አላውቅም።»

ነጠላውን አስተካከለ። ከዚያ አላዋቂ እንዳይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ጫማ የሚወለቀው በር ላይ ነው ወይስ ውስጥ?»

«በር ላይ» አልኩት።