ዜና ዘመቻ ዘአይቸኩሌ፦ የጠፋው የጉባኤ መድበል እንደ ምን እንደ ተከፈተ

የንባብ ክፍሉ ጣሪያ ማፍሰሱን በተወ በሁለተኛው ዓመት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ዋና ኀላፊ እመቤት በላይኛው ፎቅ ላይ በጸናችበት ዘመን፣ በዕለተ ሐሙስ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ የይለፍ ቃላት ጠባቂ፣ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ሹም፣ አንዱን መነጽር በዐይኑ ሁለተኛውን በግንባሩ የሚያደርግ፣ ከዕርጋታው ብዛት የተነሣ አይቸኩሌ የተባለው ጀግና ምሳ ዕቃውን ገና ሳይከፍት ጩኸት ሰማ።

ጩኸቱም የአንዲት ተማሪ ነበር፤ እርሷም የሁለት ልጆች እናትና የውሃ ቧንቧ ዝገት መርማሪ ናት። በጉባኤ ያቀረበችው ጽሑፍ መታተሙን በዘጠኝ ሰዓት ለፈታኞቿ በወረቀት ካላሳየች ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል። ጽሑፉ ያለበት መድበል በቤተ መጻሕፍቱ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ይታያል፤ ነገር ግን «ሙሉውን ክፈት» የሚለውን በተጫነች ቁጥር፣ አንባቢን ከዝርዝሩ ወደ አሳታሚው ድረ ገጽ የሚያደርሰው፣ አገናኝ የተባለው ፕሮግራም «የጠየቁት አልተገኘም» እያለ ዐሥራ ሰባት ጊዜ መለሳት።

ወእምዝ ጀግናው ተነሣ፤ ሠራዊቱም ተከተለው፤ በቀኙ በጦርነት ሁሉ አንድ ብልሃት ብቻ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ በግራው ሹራቧን በትከሻዋ ጣል አድርጋ ማንንም የማታምን የመጽሔት ክፍል ሠራተኛ፣ በኋላው ማን እንደ ጠራው የማያውቅ ጥበቃ።

ጠጋኙም ዐዋጅ አስነገረ፦ «ሁላችሁም አጥፉ! እስከ ዐሥር ቁጠሩና መልሳችሁ አብሩ!» አርባ አንባብያን አጠፉ፤ ከእነርሱም ስድስቱ ሥራቸውን ሳያስቀምጡ ስላጠፉ ራሳቸውን ይዘው ቀሩ። ኮምፒውተሮቹ ዳግመኛ ሲነሡ አገናኙ እንደ ቀድሞው «አልተገኘም» አለ።

ወደ አሳታሚውም መልእክት ተላከ፤ በቅጽበትም ዐዋጅ መጣ፦ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ በሃያ የሥራ ቀናት ውስጥ እንመልሳለን።» የመጽሔት ክፍሏ ሠራተኛም በአዳራሹ መካከል ቆማ አወጀች፦ «ሃያ ቀን! መድበሉን በእጃቸው እየጻፉ ነው የሚልኩት!»

ስምንት ሰዓት በሆነ ጊዜ ከላይኛው ፎቅ የእመቤቲቱ ቃል ወረደ፦ «የንባብ ክፍሉ ለጽዳት ይዘጋል፤ ያልወጣ ይውጣ!» ተማሪዋም ወንበሯን በሁለት እጇ ጨብጣ አወጀች፦ «ይህን ጽሑፍ ትንሿን ልጄን በአንድ እጄ ታቅፌ በአንድ እጄ ነው የተየብኩት! አልነሣም! ጥበቃው ከፈለገ ከነወንበሬ ያውጣኝ!» ጥበቃውም ሕጉን አሰማ፦ «እህቴ፣ አንቺ ብትወጪ ግድ የለም፤ ወንበሩ ግን ያለ መውጫ ወረቀት ከዚህ በር አያልፍም!» ስለዚህም ተማሪዋ በሕግ ተቀምጣ ቀረች፤ አርባውም አንባብያን ፍጻሜውን ሳናይ አንወጣም ብለው ቀሩ።

በዚህ ሁሉ ሁካታ መካከል አይቸኩሌ የግንባሩን መነጽር በዐይኑ መነጽር ላይ አወረደ፤ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብና የአሳታሚውን ገጽ ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር መረመረ። እነሆም፣ ጉባኤው የተቀመጠው ካቻምና ሲሆን መድበሉ የታተመው አምና ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ግን የኅትመት ዘመን ተብሎ ካቻምና ተጽፏል። አገናኙም የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ አገልጋይ ነውና፣ አምና የታተመውን በካቻምናው ረድፍ ሲፈልግ ውሏል።

ከመዝገቡም በታች «መዝጋቢ» በሚለው ቦታ የተጻፈው የአይቸኩሌ የራሱ ስም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አኃዙን በጸጥታ አስተካክሎ አገናኙን በረገመ ነበር። ጀግናው ግን አኃዙን ለወጠ፣ ጆሮው እስኪቀላ ዐፈረ፣ ከዚያም በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ዐዋጅ አሰማ፦ «ማንም አልበደለም፤ ዓመቱን አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ! እህቴ፣ ይቅር በይኝና አንዴ ደግመሽ ተጫኚው!»

ተጫነችው። ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለትም ከነስሟ፣ ከነቧንቧዋ ሥዕል ተከፈተ። ወረቀቱ ከማተሚያው ትኩስ እንደ ወጣ ይዛው ወደ ፈታኞቿ ስትሮጥ ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ ጥቂትም ቆይቶ ከደረጃው ላይ ዐዋጇ ተሰማ፦ «ተቀብለውኛል! እመረቃለሁ!»

ብዙ ኀያላን የሌላውን ስሕተት በማሳደድ ስማቸው ገነነ፤ የመዝገቦች አቅኚ፣ የአንዲት አኃዝ ድል አድራጊ አይቸኩሌ ግን የገዛ ስሕተቱን አሳድዶ በአርባ ሰው ፊት ማረከው። ስለዚህም ክብር፣ የቀዘቀዘ ምሳውን በቢሮው ሊበላ ሲል፣ ተማሪዋ የተቀመጠችበትን ያንኑ ወንበር ጥበቃው በራሱ ትከሻ ተሸክሞ፣ ያለ መውጫ ወረቀት፣ ከበሩ አሳልፎ አመጣለት።